የእግር ስምሪት

በየቤቱ አንድ እንዲህ ያለ በሽተኛ አይጠፋም፤ ታሞ የሚተኛ ሳይሆን ታሞ ቤት የሚያስተዳድር። ታማሚው እሱ፣ ሐኪሙ እሱ፣ አስታማሚውን ገምጋሚው እሱ። ሕመሙ የእግር ሲሆን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ እግር ሥር ወድቆ ይከርማል።

በዚያች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ስምሪት ነበሩ። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ሆነው፣ ሾፌሮችን በደቂቃ ሲያስነሱና ሲቆጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ አብራቸው የቀረችው አንዲት ልጃቸው ናት፤ ፀጉር ቤት የምትሠራ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ የምትውል። ስኳሩ ከያዛቸው ቆይቷል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን የእግራቸውን ነርቭ ጎዳውና፣ ቀን አደብ ገዝቶ የሚውለው እግር የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ይነሳባቸዋል።

"ጉንዳን ይሄድብኛል" ይላሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ጉንዳኑ ፍም ተሸክሞ ነው የሚሄደው።"

ስለዚህ በየምሽቱ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የእግር ስምሪት ይወጣል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ። ከዚያ በፎጣ ማድረቅ፤ ጣት በጣት፣ ሳይፈተግ። ቅባቱ ከተረከዝ ይጀምራል፤ በጣቶች መሃል ግን ክልክል ነው። ሰፊ የጥጥ ካልሲ፣ ስፌቱ ቆዳ እንዳይነካ ተገልብጦ። ሐኪም ያዘዘው ክኒን። በመጨረሻም አንሶላው እንዳያርፍባቸው ጎረቤታቸው አናጢው የሠራላቸው የእንጨት ቅስት ብርድ ልብሱ ሥር ይገባል። ልጅቱ አንዲት ደቂቃ ካሳለፈች፣ "አውቶቡሱ ሄዷል!" ይላሉ። የዚያን ሌሊት ሕመሙ ከጠና ጥፋቱ የሷ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ክቡር ስምሪት ምንም ስላልደበቁ መድኃኒቱ በዛባቸው። ጡረተኛው ዘበኛ "ባዶ እግርዎን ሲሚንቶ ላይ ያሳርፉት" አላቸው፤ አሳረፉት፤ ጉንፋን ያዛቸው። ጎማ ጠጋኙ "ጠርሙስ ከእግርዎ ሥር ያንከባልሉ" አለ፤ ጠርሙሱ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ፤ አልጋውን ያነሳችው ልጅቱ ናት። አንዲት ጎረቤት ደግሞ፣ "ደስ ስለሚልዎ ነገር ብቻ እያሰቡ ይተኙ" አለቻቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቡ አደሩና ጠዋት፣ "ደስ ሲለኝ የነበረው እግሬ ደህና እያለ ነው" ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ልጅቱ መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ለሦስት ዓመት የሚበቃ ሳቅ ግን ማን አለው? ግድግዳው ስስ ነው። ቅባቱም ካልሲውም ቅስቱም አልቆ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ "ኧረ እግሬን!" ሲሉ ይሰማታል። አንድ ቀን የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ቆማ እንቅልፍ ወሰዳት፤ የነቃችው ሴትዮዋ "ውሃው ጀርባዬ ገባ!" ብላ ስትጮህ ነው። ያን ዕለት ማታ እግራቸውን እያደረቀች ቀና ብላ አየቻቸው።

"አባዬ፣ ይሄን ሁሉ አድርገን መቼ ነው የሚሻልህ?"

"ባይደረግልኝ እንዴት እንደምሆን አላየሽም" አሉ።

እውነት ነበር፤ ካልሲውን ገልብጣ አጠለቀችላቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን ፀጉር ቤት ውስጥ የሙሽራ ሚዜዎች በዙባትና አመሸች። ሮጣ ስትገባ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ክቡር ስምሪት ስምሪቱን ራሳቸው አውጥተውት፣ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በርቷል።

"ዛሬ እንዴት ያለ ደህና ቀን ነው! ውሃው ምንም አላለኝም።"

ከሳፋው እንፋሎት ይወጣል። እጇን ከትታ ወዲያው እየጮኸች አወጣችው። እግራቸውን ስታነሳ ቆዳው በርበሬ መስሏል፤ አንዳንዱ ቦታ ተነስቷል። እሳቸው አንዴ እሷን አንዴ እግራቸውን ያያሉ። አንሶላ ሲነካው የሚጮኸው እግር፣ የፈላ ውሃ ሲቀቅለው ዝም ብሏል።

ሐኪም ቤት ነርሷ፣ "ውሃ በእግር አይለካም አባባ፤ የእርስዎ እግር ከእንግዲህ አይነግርዎትም። ሌላ ሰው በክርኑ ይለካልዎት" አለቻቸው። ቁስሉ አልድን ብሎ ሦስት ሳምንት ተኙ። የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ጠቁራ ተቆረጠች። ልጅቱ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዛ፣ "ማታ ማታ የሚያመውስ?" ብላ ጠየቀችው። "የሞተው ነርቭ አይመለስም። ሕመሙን ማስታገስ ነው የምንችለው" አላት። እሷ ጆሮ የገባው ግን "ስላመሸሽ ነው" የሚል ነበር፤ ሰውየው እንዲያ አላላትም።

ቤት ሲመለሱ ክቡር ስምሪት ስምሪቱን ተዉት። ሦስት ሰዓት ይሞላል፤ አይጣሩም። ነርሷ ባሳየቻት መሠረት ጤነኛውን እግር ታጥባለች፣ ቁስሉን በፋሻ ታስራለች። እግራቸውን እንደ ሰው ዕቃ አቀብለዋት ግድግዳ ያያሉ። አንድ ማታ ሆን ብላ ሩብ ሰዓት ዘገየች፤ ትንፍሽ አላሉም። በሌላው ማታ ካልሲውን ሳትገለብጥ አጠለቀችላቸው።

"ተቆጣኝ እንጂ አባዬ!"

"ምን ብዬ ልቆጣሽ ልጄ?" አሉ። "የወጣትነት ዕድሜሽን በእኔ እግር ሥር ጨረስሽ።"

ወጥ ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

በማግስቱ ክቡር ስምሪት ፈገግ ብለው ጠበቋት። ቅስቱን ብርድ ልብሱ ሥር ስታስገባ፣ "ዛሬስ ለቀቀኝ" አሏት። "ምንም አይሰማኝ። ሂጂ ተኚ፤ ነገ ሥራ አለሽ።"

መብራቱን አጥፍታ ደጃፉ ላይ ሳለች ማንኮራፋት ጀመሩ። እሷም ቆመች። አባቷ አንኮራፍተው አያውቁም፤ በእውነት የተኙ ጊዜ መተንፈሳቸውን ለማወቅ ጠጋ ብላ ማዳመጥ ነበረባት። ይሄኛው ማንኮራፋት ግን የአሮጌ አውቶቡስ ሞተር ነው፤ ይነሳል፣ ይንተፋተፋል፣ መሃል ላይ ሕመሙ ጠቅ ሲያደርጋቸው ይቋረጥና፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ያስነሱታል።

ገብታ "አባዬ፣ አትዋሸኝ" ልትላቸው ፈለገች። ግን እሳቸው በሕይወታቸው ለማንም እንዲህ ለፍተው አያውቁም።

"ተመስገን፣ ተኛልኝ" አለች፣ እንዲሰሟት ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ማንኮራፋቱ ደስ ብሎት ጎላ አለ። እሷም አልጋዋ ላይ ወጥታ፣ ዓይኗን እንዳፈጠጠች፣ የተኛች ለመምሰል ትንፋሿን ረዘም ረዘም አድርጋ መተንፈስ ጀመረች።