ፊት የሌላቸው አርባ ፎቶዎች

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ። አውቀን ምን ፈየድን? ዘፋኙ የሌላውን ድምፅ ይዋሳል፤ ሰባኪው የሌላውን ሳል ሳይቀር ይዋሳል። እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ የምዋሰው የሌሎችን ዓይን ነው።

ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ አለችኝ። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ ስልኬ ላይ ተደፍቼ የውጭ አገር ስመ ጥር ፎቶ አንሺዎችን ሥራ አጠናለሁ። ጥናት የምለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ «ማፍጠጥ» ነው የምትለው። የጥናት ደብተርም ነበረኝ። «ታላላቆቹ እጅ ያነሣሉ፣ ጀርባ ያነሣሉ፣ ጥላ ያነሣሉ፤ ፊትማ ማንም ያነሣዋል» ብዬ ጽፌበታለሁ። «ማንም» ያልኩት ጎረቤቴን ጋሽ ተሾመን ነው። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ሰማያዊ መጋረጃ ፊት «ቀና በል፣ እንዳትንቀሳቀስ» እያሉ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሲያነሡ የኖሩ ሰው ናቸው። ስንቴ ስቄባቸዋለሁ!

ታዲያ አንድ ማለዳ የታቦር ሰፈሩ አናጢ ጋሽ ሐመሶ መጡ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው።

«ለልጆቼ የምትቀር አንድ ፎቶ አንሣኝ» አሉኝ።

ለምን እንዲህ እንዳሉ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት? ልቤ ደብተሬ ላይ ነበር። ከረባታቸውን አስፈትቼ ሐይቁ ዳር ወሰድኳቸው። መዶሻ የጨፈለቀውን አውራ ጣታቸውን ደጋግሜ አነሣሁ። ጀርባቸውን አነሣሁ፣ ጥላቸውን አነሣሁ። ሳል ሲይዛቸው እየጠበቅኩ አርባ ፎቶ ሞላሁ።

ሁሉንም አይተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አርት ነው!»

ጨዋ ሰው ናቸው፣ አመሰገኑኝ። ከረባታቸውን ኪሳቸው ከተው ሄዱ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ሞቱ። ለካ ያኔ ሐኪም ነግሯቸው ኖሯል። እኛ ዘንድ ደግሞ ለቀስተኛ ድንኳን ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው የሟቹን ፎቶ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ የሚሰናበተው እሱኑ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ጥቁር ለብሰው መጡ። አርባውንም አንድ በአንድ አዩ። አውራ ጣቱን ሲያዩ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«እሱስ የታለ?»

አርት ነው ልበል?

አንገቴን ደፍቼ ጋሽ ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። ከአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የጋሽ ሐመሶን ጉርድ ፎቶ አወጡ። ፎቶው ላይ ቀጥ ብለው፣ ከረባት አስረው፣ በሁለት ዓይናቸው ያያሉ። ጋሽ ተሾመ አልሳቁብኝም፤ ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይቺን ያነሣሁለት ቀን ከረባት አልነበረውም፤ የራሴን አሰርኩለት» አሉኝ ብቻ።

ያቺ ፎቶ በትልቁ ታትማ ድንኳኑ በር ላይ ቆመች። ከሩቅ የመጣች ልጃቸው የፎቶውን ግንባር ስማ ስታለቅስ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

ጥናቴን አላቆምኩም። አሁን የማጠናው ሰማያዊው መጋረጃ አጠገብ ወንበር ይዤ ነው፤ ስቱዲዮዬም ግድግዳ ላይ አንድ ከረባት ሰቅያለሁ። ጋሽ ሐመሶ ግን ሁለተኛ ተላጭተው አይመጡልኝም።