የሳተርን ቀለበትና የአቶ አንጁሎ ጋቢ

ሰው ያላየውን ነገር ሲያወራ ምላሱ እንዴት እንደሚፈታ አስተውላችኋል? እኔ ስለ ጎረቤቴ ሁለት ቃል ለመናገር እጠነቀቃለሁ። ስለ ሳተርን ግን አርባ ደቂቃ ሙሉ ሳላቋርጥ አውርቻለሁ። ማን ሄዶ ያጣራል?

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። ያን ቀን አፌ ተከፈተ። ሳተርን ከምድራችን እጅግ ትገዝፋለች፣ ግን ጋዝ ስለሆነች እግር የሚያርፍበት መሬት የላትም አልኩ። ቀኗ አስር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው ስል የክፍሉ ሰነፎች አጨበጨቡ። ዓመቷ የእኛን ሃያ ዘጠኝ ያህላል ስል ማጨብጨባቸውን አቆሙ፤ ትምህርት ለክረምት የሚዘጋው መቼ ሊሆን ነው? ከውሃ ስለምትቀል የሚበቃት ሐይቅ ቢገኝ ትንሳፈፋለች ስላቸው ደግሞ፣ አንዱ ዓባያ ላይ ብትሆን አዞዎቹ ምን ይላሉ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ቀለበቷማ አታንሱብኝ! ከበረዶና ከድንጋይ ስብርባሪ የተሠራ፣ ወገቧን ዞሮ የማይነካት... እኔው በራሴ ንግግር ተደነቅሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ዘነበች የዶርዜ ልጅ ናት። አክስቷ ቤት ተቀምጣ ነበር የምትማረው። ቅዳሜ ወደ ዶርዜ ወጣችና ያልኩትን አንድ ሳታስቀር ለአባቷ ነገረች። አባቷ አቶ አንጁሎ ሸማኔ ናቸው፤ በእጅ የማይዳሰስ ነገር አያምኑም። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። መቀነት ካልነካ አይጠብቅም፣ ካልጠበቀ ይወድቃል፣ ይኼን ሕፃንም ያውቀዋል አሉኝ። ታዲያ ውሸት ለመማር እዚህ ድረስ መውረድ ምን አስፈለገ? ቤቷ ተቀምጣ ጥጥ ብትፈትል ይሻላታል አሉ።

ዘነበች አጠገባቸው ቆማ ደብተሯን በሁለት እጇ አቅፋለች። ከክፍሉ ሁሉ እንደሷ የምትጠይቅ ልጅ አልነበረችኝም። ደነገጥኩ፤ እውነቴን ነው። “በዓይንዎ ካላሳየሁዎት ያኔ ያስወጧት” ብዬ ቃል ገባሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ከአንድ ወዳጄ ቴሌስኮፕ ተዋስኩና የዶርዜን ዳገት ወጣሁ። ፀሐይ ገብታ ኮከብ መታየት ሲጀምር መንደሩ ተሰበሰበ። አቶ አንጁሎ ለቀለበቱ ክብር የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ሳተርንን ፈለግኳት፣ አገኘኋት፣ አየኋት። ክብ ናት። ቆንጆ ናት። ቀለበት የላትም!

መስታወቱን ጠረግሁ። እንደገና አየሁ። መሃሏ ላይ ቀጭን ጭረት ብቻ። አቶ አንጁሎ አጎንብሰው ብዙ ቆዩና፣ “መምህር፣ ቀለበቱ የታለ?” አሉ። አንድ ጎረቤታቸው ምስጥ በልቶት ይሆናል አለ። የዶርዜ ቤት ቀርከሃ ነው፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። ስለዚህ ቀልዱ ለመንደሩ በሙሉ ገባው፣ መንደሩ በሙሉ ሳቀ። ዘነበች ብቻ አልሳቀችም።

ዘልዬው ያለፍኩት የመጽሐፉ መስመር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ቀለበቱ እጅግ ስስ ነው፤ በየአስራ አምስት ዓመቱ ገደማ ጠርዙን ወደ እኛ ሲያዞር ከዓይን ይጠፋል። እኔ ደግሞ ከዓመት ሁሉ መርጬ ያንኑ ዓመት! እየተንተባተብኩ ይህንኑ ስናገር ዘነበች ብድግ አለችና የአባቷን ጋቢ ከትከሻቸው ገፈፈች። ከእናቷ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ወጥረው ዘረጉት። ከላይ እዩት አለች፤ ሰፊ ጋቢ። አሁን ጎንበስ ብላችሁ ከጠርዙ እዩት አለች፤ ክር። አቶ አንጁሎ ጎንበስ አሉ፣ ቀና አሉ፣ ደግሞ ጎንበስ አሉ። የገዛ እጃቸው ሥራ ነው፤ ምን ብለው ይካዱት?

ሸማኔ ግን በቀላሉ አይረታም። ታዲያ የሰማዩ ጋቢ መቼ ይዘረጋል ብለው ያዙኝ። ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ሰባት ስምንት ዓመት ይፈጃል አልኩ። “እንግዲያው እስከዚያ ትማር” ብለው ፈረዱ። “ያኔ ካላየሁ አስወጣታለሁ።”

ዘነበች ስምንተኛን አለፈች። አስራ ሁለተኛን አለፈች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፊዚክስ አጥንታ ጥቁር ጋዋን ለበሰች። ቀለበቱም በቀጠሮው ተዘረጋ። እኔም ቃሌን አክብሬ ያንኑ ቴሌስኮፕ ተሸክሜ ዶርዜ ወጣሁ። የጠበቀኝ የዶርዜ ጭጋግ ነው! ሰማዩ ይቅርና የአቶ አንጁሎን በር ያገኘሁት በዳበሳ ነው። ማየት ማመን ነው ያለ ሰው በዚያ ጭጋግ ዶርዜን አላያትም።

አፍሬ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። አቶ አንጁሎ ጭጋጉን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። እኔን ከነመፈጠሬም የረሱኝ መሰለኝ። ደስ ብሏቸዋል!

“ግድ የለም መምህር” አሉ። “እስኪገለጥ ማስተርሷን ትማር።”