ክቡር አብዱራህማንና ኮሪያቸው

ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ኖሮ መካነ ሰላም የተመለሰን ሰው ስለ ቆይታው ቢጠይቁት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል። መንግሥት ለሦስት ወር የሥራ ልምምድ ውጭ የላከው ሰው ግን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል፤ ዝም የሚያሰኘውም ገና አልተወለደም።

ለጠይባ በውሃ ቢሮው የደረሷት ከኮሪያ የተመለሱት ክቡር አብዱራህማን ናቸው። ማተሚያው ቢበላሽ «ኮሪያ እኮ...» ይላሉ። ሻይ ቢዘገይም «ኮሪያ እኮ...»። መሪነት ተምረው ስለመጡ ሰላምታቸው ሁሉ ተለውጧል፤ ጥበቃዋን ወይዘሮ በዛችን እንኳ ወገባቸውን አጥፈው እጅ ይነሳሉ። «አመመህ እንዴ ልጄ? ወገብህን ነው?» ትላቸዋለች በዛች። ደግሞ «መሪ ማለት የሚያዳምጥ ነው» ይላሉ፣ ሰው እያቋረጡ።

ጠይባ የምንጩ ጉዳይ እስኪመጣ ድረስ ችላቸው ነበር። ውሃው እናቷ ለሚኖሩበት ለሼህ ጀብሪል መንደር እንዲደርስ ቧንቧው በጎረቤት መንደር ባለው በአያ አበጋዝ ማሳ ማለፍ አለበት፤ ሁለቱ መንደሮች ደግሞ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ዛሬ ካልተስማሙ መቆፈሪያው መኪና ነገ ወደ አጅባር ይሄዳል። እናቷም ለከርሞ ከገደል ሥር ሲቀዱ ሊኖሩ ነው። ስብሰባውን የሚመራው ማን ሆነ? ክቡርነታቸው!

እዚህ አገር ስብሰባ በዱዓ ይከፈታል፤ ታላቅ ይመርቃል፣ ሌላው «አሚን» ይላል፣ ነገር የሚመጣው ከዚያ ነው። ክቡርነታቸው ሽማግሌዎቹ ገና ሳይደላደሉ ተነሡ። «ጊዜ የለንም! በቅድሚያ እያንዳንዳችሁ ጥንካሬያችሁንና ድክመታችሁን ትናገራላችሁ። ኮሪያ እኮ...»

ሼህ ጀብሪል ከዘራቸውን አነሡ። «ድክመቴን ለአላህ እንጂ ላንተ አልናገርም» ብለው ወጡ።

«ዛሬስ ከሼሁ ጋር ተስማማሁ!» አሉና አያ አበጋዝም ተከተሏቸው።

«እሰይ! አስታረቅሃቸው» አለች ጠይባ። «በል እንግዲህ እናቴን ሄደህ ንገራት።»

ክቡርነቱ ያኔ ቀረ። አብዱራህማን ወጥቶ ሮጠ። ተከትላው ስትወጣ ሽማግሌዎቹን ቀድሞ፣ ከመንገድ ዳር ይህን የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ በዚያ በሚሳሳለት ሱፍ አቧራው ላይ ተንበርክኳል።

«አጥፍቻለሁ አባቶቼ፣ አፉ በሉኝ።»

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምንን ሰው አልፎ መሄድ ነውር ነው። «አፉ ብለናል፣ አውርደው ልጄ» አሉ ሼህ ጀብሪል።

አያ አበጋዝ ግን ድንጋዩን ትኩር ብለው አዩት። «ይኸ ልጅ ለአንዲት ቃል ይህን ተሸከመ» አሉ። «ውሃ የከለከልኩት እኔ ምን ልሸከም ነው? ሼህ፣ በማሳዬ ይለፍ።» ዱዓው እዚያው መንገድ ላይ ተደረገ። ጠይባ አሚኗን ከሁሉም በላይ ጮኻ አለችው።

በማግሥቱ መቆፈሪያው ከማዶ ሲያጓራ ክቡርነታቸው ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ኮሪያ እኮ...»

«ድንጋዩንም እዚያ ነው ያስተማሩህ?» አለች ጠይባ።

«እሱንስ አባቴ ናቸው» አለና አቀርቅሮ ዝም አለ።

ጠይባ ያን ዝምታ ስትመኘው ከርማ፣ አሁን አልወደደችውም። ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች።

«በል እንጂ፣ ኮሪያ እኮ ምን?»