ተፈጭቷል፤ ግን ሰርጓል ወይ?

እትዬ ሙሉዬ መጀመሪያ እጃቸውን በሽርጣቸው ያደርቃሉ። ቀጥለው ከፊቴ ካለው ሳህን ላይ ዳቦዬን ያነሳሉ፤ አይጠይቁም። በአውራ ጣታቸው መሃሉን ሰንጥቀው ይቆርሱታል፣ ቁራሹን ያደቅቁታል፣ ብርጭቆ ውስጥ ይጥሉታል። ሞቅ ያለ ውሃና ስኳር ይጨምሩበትና እንደ አጥሚት እስኪሆን በማንኪያ ያሹታል። ከዚያ ከትከሻቸው ንጹህ ሻሽ ስበው በሌላ ብርጭቆ አፍ ላይ ይወጥሩና ቀስ ብለው ያፈሱበታል። ምሳ በላተኛው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ጠብ… ጠብ… ይላል።

«እስከ ማንኪያው ድረስ ያለው መፈጨት ነው» ይላሉ። «ከሻሹ ወዲያ ያለው መስረግ ነው። ሻሹ ላይ የቀረውን በላሁ እንዳትል።»

«እትዬ፣ ዳቦው እኮ የኔ ነበር።»

«ያንተ የሚሆነው ሲሰርግ ነው።»

የሰው ሆድ የራሱ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰፈር እስካሁን አላጋጠመኝም። ለፓምፕ ጥገና ከሞጆ እስከ ወለንጪቲ፣ ከደራ እስከ መቂ ዞሬያለሁ፤ የትም ቦታ አንድ የሆድ አስተዳዳሪ አይጠፋም። አንዱ በሥጋ ላይ ውሃ አትጠጣ ይላል። ሌላው በልተህ ገላህን አትታጠብ ይላል። እኛ አዳማዎች ግን፣ መናኸሪያው አጠገብ ምሳ ቤት የከፈቱ፣ የአንጀታችን የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ ሙሉዬ አሉን። ሕጋቸው አንድ ነው፦ በልቶ ወዲያው መነሳት ክልክል ነው።

«ታኢ!» ይላሉ በኦሮምኛ፣ ወንበር ሲንኳኳ። ቁጭ በል ማለታቸው ነው። «ተፈጭቷል፤ ግን ሰርጓል ወይ?»

ባጃጅ ነጂው ይቀመጣል። ነጋዴው ይቀመጣል። አንድ ቀን ሒሳብ ከፍሎ በር ላይ የደረሰ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን አፉ ላይ እንደያዘ ተመልሶ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ ሥራ ያለብኝ ሰው ነኝ። ሽንኩርት በፀሐይ ሲጠወልግ፣ ገበሬው ስልክ ሲደውል፣ እኔ እዚያ ሆዴን ይዤ እቆዝማለሁ። ግን ምን ይደረግ፤ በዚያ ሰዓት የአዳማ ሙቀት ራሱ እጅ ይዞ ያስቀምጣል። መጋረጃው እንደሚተነፍስ ሰው ይነፋና ይከሳል። አቧራው በር ላይ በቀስታ ይሽከረከራል። የረዳቶቹ «ደራ! ደራ! አሰላ!» ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። ወሬው ይሳሳል፣ ዓይን ይከደናል፣ ሁላችንም አንድ ትልቅ ሆድ ሆነን በዝምታ እንሰርጋለን።

ታዲያ በዚህ ሁሉ መሃል ሃዊ ከሳች።

ሃዊ የእትዬ ሙሉዬ ልጅ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የስፌት መኪናዋን እንደ ወንድሟ ትወደዋለች። ከከሰዓቱ ፈረቃ በፊት ከእናቷ ጋር ምሳዋን እንደ ጎረምሳ ትበላና ወደ ሰርቪሱ ትሮጣለች። ግን ጉንጯ ጎደጎደ፤ ቀሚሷ ላይዋ ላይ የተሰቀለ ሆነ። ሰው ደግሞ አፍ አለው፦ «አገር እያበላች የራሷን ልጅ አስራባት!» እትዬ ሙሉዬ ይህን ሰምተው ወጥ አሳረሩ። እሳቸው ወጥ ሲያሳርሩ ያየ ሰው አልነበረም።

ፍርዳቸው ግን ፈጣን ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ፋብሪካ የለም። በልተሽ ስለምትሮጪ ነው። እየተፈጨ አይሰርግም!»

«እማዬ! ሰርቪሱ እስኪሰርግልኝ ይጠብቀኛል?»

«አይጠብቅም። ስለዚህ ይቅር!»

«ሥራዬን አልተውም» አለች ሃዊ፤ እንባዋ መጣ። እኛም ማንኪያችንን አስቀመጥን።

ከጥግ በኩል ገላና ጉሮሮውን ጠረገ። ገላና የክሊኒክ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ምስር ወጥ የማይለውጥ ልጅ።

«እትዬ፣ ልዩነቱን ልክ ነው የሚሉት» አለ። «መፈጨት ማድቀቅ ነው። መስረግ የደቀቀው በትንሹ አንጀት ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ መግባቱ ነው። ግን መቀመጥ ግዴታ የለውም። ሰው ባጃጅ ላይ ሆኖም ይሰርግለታል።»

ትራፊክ ፖሊሱ ወንበሩን እንደተታለለ ሰው አየው።

እትዬ ሙሉዬ ሻሻቸውን በጣታቸው ጠቀለሉት። «ታዲያ ልጄን ምን ያዛት?» አሉ። ድምፃቸው የዚያን ቀን ትንሽ ነበር።

«ሻሹ ተደፍኖ ይሆናላ፤ ትመርመር» አለ ገላና።

ተመረመረች። ጃርዲያ የምትባለው በዓይን የማትታይ ነገር አንጀቷ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ተገኘች። ምግቡ ይደቅቃል፣ በሚገባ አያልፍም። ሐኪም መድኃኒት አዘዘላት። ሃዊ ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችበት ቤት የምትጠጣው ክዳን ከሌለው በርሜል ነበር፤ ክዳኑን እኔ ሠራሁለት፤ ውሃውንም አፍልታችሁ ጠጡ አልኩ።

ሃዊ ሥራዋን አልተወችም። ጉንጯም እየተመለሰ መጣ። እትዬ ሙሉዬ በበሩ ለሚገባው ሁሉ «አይሰርግም አላልኩም?» ይላሉ። ገላና ምስሩን እየበላ ፈገግ ይላል፤ አይከራከርም።

«ታኢ» ማለት ግን ተዉ። እንደተፈታ እስረኛ ደስ ብሎኝ በማግስቱ በልቼ ወዲያው ተነሳሁ። ማንም አልጠራኝም። በሩ ላይ ደረስኩ፤ ፀሐዩ፣ አቧራው፣ የሚጠራ ስልክ። ዞር ብዬ አየሁ፦ ከበሉት ሁሉ አንድም የተነሳ የለም። ባጃጅ ነጂው ዓይኑን ከድኗል። መጋረጃው ይነፋል፣ ይከሳል። ሃዊ እናቷ ትከሻ ላይ ተደግፋ ሰርቪሷ እስኪመጣ ትጠብቃለች።

በሽንኩርት ማሳ የማውቀው ነገር ነው፤ ውሃ ለቀህ ቶሎ ከዘጋህ ላዩ ይረጥባል፣ ሥሩ ደረቅ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ስለሳቸው እንደምጽፍ ስነግራቸው ሳህን ያጥቡ ነበር።

«ሰው ያነበዋል?»

«ያነበዋል፣ እትዬ።»

«አንብቦስ?»

«አንብቦማ ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል።»

ሳህኑን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በሽርጣቸው አድርቀው፣ ዳቦዬን ሊያነሱ ነው ብዬ ስሰጋ ትከሻዬን ያዙኝ።

«እንግዲያው ንገርልኝ። ቁጭ ማለት ለሆድ አያስፈልግም አሉ፤ ለሚነበበው ግን ያስፈልጋል። አደራችሁን፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ወዲያው አትነሱ። ትንሽ ቁጭ በሉልኝ፤ ይስረግ።»