ስሜን እንዳትጠሪ

የሌሊቱን ሕልሜን ልንገራችሁ። ለሌላ ሰው ስታወሩት ግን ስሜን እንዳት... አይ፣ ግድ የለም፣ ጥሩት። ለምን እንደሆነ ትደርሱበታላችሁ።

ማታ ስተኛ ሐሳቤ ሁሉ የልጅ ልጄ ረድኤት ጋ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ለእድገት ተወዳድራ ውጤት እየጠበቀች ነው። እዚያ ሰው የሚመዘነው ስንት ሰው ስሙን ጠርቶ ጻፈ፣ ከእነማን ጋርስ ገጥሞ ጻፈ እየተባለ ነው አሉ። «ታዲያ ይኼ ሐሜት አይደል?» ብላት እስኪያማት ሳቀች። ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ ጣለኝ።

በሕልሜ የጦሳ ተራራ ወርዶ ከደሴ በታች ቁጭ ብሏል። በራፌ ላይ ፕሮፌሰሮች ከነከረባታቸው እንጨት ተሸክመው ተሰልፈዋል።

«እትዬ ሽታዬ፣ እባክዎ ይሙኝ!» አለኝ የፊተኛው።

«ምን ብዬ?»

«ያሻዎትን። ሚስቱን ጥሎ ኮበለለ ይበሉኝ።»

«ሚስትህስ?»

«እሷም ከኋላዬ ተሰልፋለች።»

ሁለቱን አምቼ ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ አንዲት አህያ መነጽሯን ሰክታ መጣች። የከተማው ቆጣሪ እሷ ናት አሉ። ለካ ሰዉ ሁሉ ወገቡ ላይ ፈትል ታስሯል። ማን የማንን ስም እንደጠራ፣ ማን ከማን ጋር እንደዶለተ በፈትሉ ይታወቃል። አራት ዶክተሮች እርስ በርስ ተተብትበው እንደ እንዝርት ይሾራሉ። «ጥራኝ!» ይላል አንዱ። «ጠራሁህ፣ በል አንተም ጥራኝ!» ይላል ሌላው። ከአራቱ በቀር የሚያውቃቸው የለም፤ አህያዋ ግን ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው።

እኔ ጋ ስትደርስ ወገቤን ዳበሰችና «ሽታዬ አስፋው፣ ዜሮ» አለች።

«የምን ዜሮ! የዚህ ሰፈር ወሬ ከእኔ አፍ አይደል የሚወጣው? ጎረቤቴ ዘሐራ እንኳ የገዛ ባሏን ጉድ የሰማችው ከእኔ ነው!»

«ወሬሽን ሲያወራ ስምሽን የጠራ የለም። ስሙ ያልተጠራ ሰው አልኖረም። ያልኖረ ደግሞ አይወልድም፣ የልጅ ልጅም አያይም።»

ዞር ስል ረድኤት ከኋላዬ ቆማለች፤ ጫማዋ ግን የለም። ቀጥሎ እግሯ የለም።

«እማማ፣ ቶሎ በይ እንጂ!» ትለኛለች፣ ጉልበቷ እየጠፋ።

«ሽታዬ! ሽታዬ! ሽታዬ!» ብዬ ጮህኩ።

«የራስን ስም መጥራት አይቆጠርም» አለች አህያዋ።

ሮጥኩ። ቤቶቹ ጣሪያቸው መሬት፣ በራቸው ሰማይ ሆኗል። በመሰላል እየወጣሁ አንኳኳሁ።

«በላይነሽ፣ የመምህሩን ጉድ ማን ነበር የነገረሽ?»

«ሞቼ ነው የምናገረው! ስሜን እንዳትጠሪ ብለሽኝ የለ?»

ወደ ቀጣዩ ወጣሁ። «እንድሪስ ወንድሜ፣ አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ቃሌን አልበላም፣ እህቴ።»

አርባ ቤት አንኳኳሁ። ዕድሜ ልኩን አፉን መዝጋት ያቃተው ሐሜተኛ ሁላ ያን ቀን ታማኝ ሆኖ አረፈው! ፈትሉን ሳየው ከየቤቱ ወደ እኔ ይመጣ ይመጣና ወገቤ ጋ ሊደርስ ስንዝር ሲቀረው ተቆርጧል።

«ማነው የቆረጠው?» ብዬ ጠየቅኩ።

አህያዋ በከንፈሯ ወደ እጄ ጠቆመች። መቀሱን የያዝኩት እኔው ነኝ።

ረድኤት እስከ አንገቷ ጠፍታለች። የቀረኝ በር የዘሐራ ብቻ ነው። «ዘሐራ፣ በሞትኩት! አንድ ጊዜ ብቻ!» ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። አፏን ከፈተች። «ሽ...»

ስልኩ ጮኸ። ነግቷል። ረድኤት ናት፣ ከነሙሉ ድምፅዋ።

«እማማ! እድገቱን አገኘሁ! ስለ ሰፈራችን ወሬ የጻፍኳትን ጥናት አርባ አንድ ሰው ጠቅሷታል!»

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወሬ ከቤት ቤት እንዴት እንደሚሮጥ ንገሪኝ ብላ ሳምንት ሙሉ አፌ ስር ስልክ ደቅና የጻፈችውን ማለቷ ነው። እልል አልኩ። እልልታዬን ሳልጨርስ «እኔስ? ስሜ አለበት?» አልኳት።

«'ስማቸው እንዳይጠራ የጠየቁ አንዲት አዛውንት' ነው የሚለው። አንቺው አይደለሽ እንዳትጠሪኝ ያልሽኝ?»

«በስም የተጠራ የለማ?»

«እትዬ ዘሐራ ብቻ። ዘሐራ ይማም አሊ ይላል።»

ዘሐራ! ያኔ የቀበሌ ዘይት ምዝገባ መስሏት ስሟን እስከ አያቷ የሰጠችው!

«ምን ተናገረች ብለሽ ጻፍሽ?»

«'እኔ ምንም አላውቅም፣ ጎረቤቴን ጠይቂ' አሉ። እሷን አባባል ነው ሰዉ የወደደው፤ ፊንላንድ ያሉት ሳይቀሩ ጽፈዋታል። ቅድም አንቺ ስልክ አላነሳ ስትይ ለእሳቸው ደውዬ ነገርኳቸው።»

ይኼን ስትል ከአጥሩ ማዶ የዘሐራ ጩኸት ተነሳ።

«ኧረ የሰው ያለህ! የማላውቀው አገር ስሜን ያነሳል አሉ! እዚያ ድረስ ማን አደረሰኝ? ሌላ ማን ይሆናል፣ ሽታዬ ናት! ሽታዬ አስፋው ናት!»

ጣቴን አጥፌ አንድ አልኩና መስኮቱን ከፈትኩላት።