መክብብ የሞላ ዕለት

መክብብ ሸዋንግዛው ሕልሙን ያየው ትናንት በጠራራ ፀሐይ ነው። ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ጋደም ይላል፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻውም ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል። እሱም ፋኑን ወደ ደረቱ አዙሮ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ዓይኑን ከደን ከማድረጉ ዓለም ተገለበጠች።

ከሕልሙ በፊት ግን ስለ ሰውየው ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። መክብብ እንጀራውን የሚበላው ከመድን ድርጅት ነው፤ ልቡ ያለው ግን ስልክ ላይ ነው። በቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ስለ ስልክ፣ ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ካሜራ ያልሰጠው አስተያየት የለም። ባትሪው የማይነቀል ስልክ የያዘ ሰው ስልክ ተከራየ እንጂ አልገዛም ይላል። የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው ለመጻፍ የሰነፈ፣ ለመደወል የፈራ ነው ይላል። አፕዴት የማያደርግ ሰው ደግሞ፣ በእሱ አነጋገር፣ ልብሱን የማያጥብ ሰው ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያስቀሩትን ኩባንያዎች ሲያነሣማ ሚስቱ ውባለም ወደ ጓዳ ትገባለች። ተከታዮቹ «አቦ መክቤ፣ የትኛውን ልያዝ?» ብለው ይጠይቁታል። ይመልሳል። አንድም ቀን «አላውቅም» ብሎ አያውቅም።

አባቱ አቶ ሸዋንግዛው በምድር ባቡር ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። በፋሲካ ሰሞን መክብብ ሊጠይቃቸው ሄዶ፣ ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ከእጃቸው ተቀብሎ በምትኩ ሰፊ ስክሪን ያለው አዲስ ስልክ ሰጣቸው።

«ዘመናዊ ነው፣ አባባ» አላቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልደወሉም። መክብብም ዝምታቸውን፣ ስልኩ በደንብ እየሠራላቸው ነው ብሎ ተረጎመው።

በሕልሙ ከቤቱ ወጥቶ ከዚራ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ብርድ ነበር። የድሬ ሰው ካፖርት ደርቦ ጥርሱን ያንገጫግጫል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ይሸጥ የነበረው ሰውዬ ፍም በሳህን ይዞ ይዞራል። አንዲት ባጃጅ በሁለት ተሳፋሪዎች ትከሻ ላይ ተቀምጣ «ቀስ በሉ፣ ወገቤን!» እያለች አለፈች።

ስልኮቹ በቻርጀር ገመዳቸው ቆመው ይራመዳሉ። እያንዳንዱ ስልክ በእጁ ሰው ይዟል። ቁመቱ ዘለግ ያለ አንድ ስልክ ግድግዳ ተደግፎ በመዳፉ የያዛትን ሴትዮ በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፋት። ሴትዮዋ ሄደችና የሚጨፍር ጎረምሳ መጣ። እሱንም ገፋው። የሚያለቅስ ሰውዬ መጣ። እሱንም ገፋው። ሽንኩርት የሚከትፍ ሰው መጣ። ልቅሶውና ሽንኩርቱ አይገናኙም ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለው መክብብ።

«ጊዜ እየገደልኩ።»

«የማንን ጊዜ?»

«ያንተን» አለና ሽንኩርት ከታፊውን ወደ ላይ ገፋው።

መክብብ መልሱ ትክክል መስሎ ታየው። መንገዱን ቀጠለ። ገና ጥቂት እንደሄደ የትራፊክ ፖሊስ ኮፍያ የደፋ ላፕቶፕ ፊሽካ ነፍቶ አስቆመው።

«አፕዴት አድርገሃል?»

«እኔ? እኔ እኮ መክብብ ነኝ።»

«ለዚህ ነው የጠየቅኩህ» አለ ላፕቶፑ። ከኮፍያው ሥር ረዥም ወረቀት አወጣና እስከ መንገዱ ማዶ ዘረጋው። «አንብበህ ተስማማ።»

መክብብ ሳያነብ «ተስማምቻለሁ» አለ። ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ሲል ኖሯል። ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ጉልበቱ ቋ አለና ወደ ኋላ የሚታጠፍ ሆነ።

«ምን አደረጋችሁኝ?»

«ትናንሽ ስህተቶች ተስተካክለዋል» አለ ላፕቶፑ፤ ፊሽካውን ነፍቶ አሳለፈው።

በአዲሱ ጉልበት ወደ ፊት መሄድ አልተቻለም። ስለዚህ መክብብ ጀርባውን ሰጥቶ ተራመደና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚቸበቸብበት ታይዋን ገበያ ደረሰ። ገበያው ውስጥ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ሕዝቡ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ግመል ያዳምጣል። ግመሉ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ እያመነዠከ ይናገራል።

«አንድ ጊዜ ጠጥቼ ሳምንቱን ሙሉ እሄዳለሁ። ገመድ አልፈልግም። ስሠራ አልግልም። ባትሪ ማለት ይሄ ነው። የቀረው ወሬ ነው።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። የመክብብን አንጀት ቅናት አሳረረው፤ ይህን የሚያህል ሕዝብ የእሱን ቃል ሰምቶ አያውቅም። እጁን አወጣ።

«ካሜራህስ?»

«ሁለት ዓይን አለኝ» አለ ግመሉ።

«ጥራታቸው እንዴት ነው?»

«እስካሁን ከገደል አልገባሁም።»

ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። መክብብ ሊከራከረው ፈልጎ አንድ እግሩን ሲያነሣ ስታክ አደረገ። እግሩ አየር ላይ ቀረ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኑ ግመሉ ላይ እንደተተከለ ቀረ። በዙሪያው የነበሩት ስልኮች ተሰበሰቡ።

«ሰሞኑን ከብዶት ነበር» አለ አንዱ።

«ቢመቱት ይነሣል» አለ ሌላው።

ስክሪኗ የተሰነጠቀ አንዲት አሮጌ ስልክ «ዞር በሉ፣ አየር ስጡት» እያለች በመሐላቸው አለፈችና አፍንጫውንና ግራ ጆሮውን አንድ ላይ ተጭና ያዘችው። ጨለመበት። ቆይቶ በራለት፤ ግን የገዛ ስሙን ለማስታወስ እንኳ ዘገየ።

«ሞልቷል» አለች አሮጌዋ ስልክ። «ቢሮ ውሰዱት።»

ቢሮው ውስጥ ባለጉዳይ ለስላሳ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሠራተኞቹ እስከ ግቢው በር ድረስ ይሰለፋሉ። መክብብን መስኮት አጠገብ አስቀመጡት። አንድ ክራባት ያሰረ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ «ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል፤ እባክዎ ያስተናግዱን» አለው።

«ነገ ተመለሱ» አለ መክብብ። ለምን እንዲህ እንዳለ አላወቀም፤ ግን ደስ አለው።

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ጥቁር የቤት ስልክ ነበረች፤ ያቺ ድሮ ጣት አስገብተው የሚያዞሯት። ገመዷን እንደ ሹሩባ ጀርባዋ ላይ ጥላዋለች። ሁሉም «እትዬ» ይሏታል። እትዬ መነጋገሪያዋን አንስታ እንደ ሐኪም ደረቱ ላይ አሳረፈችና አዳመጠች።

«አስተያየት» አለች። መነጋገሪያውን ወደ ጎን አዛወረች። «አስተያየት።» ወደ ታች አወረደችው። «እዚህም አስተያየት። አንተ ልጅ፣ ሞልተሃል። የሆነ ነገር ካልወጣልህ ከእንግዲህ አትንቀሳቀስም።»

«አስተያየቶቼን አልነካም። ለነገ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳን ጉዳይ አዘጋጅቻለሁ።»

«እንግዲያው ሌላ እናውጣ። ዋና መቻልህ አለ።»

«ይውጣ» አለ መክብብ። ድሬ ላይ የት ሊዋኝ ነው? ዋናው እንደ ትንፋሽ ወጣ።

«የሒሳብ አስተማሪህ ስም።»

«ይውጣ።»

«የማንጎ ጣዕም።»

መክብብ ጥቂት አሰበ። «ይውጣ።»

«ሚስትህ ትናንት እራት ላይ የነገረችህ።»

«እሱም ይውጣ።»

እትዬ መነጋገሪያዋን ጠበቅ አድርጋ አዳመጠች። ቦታ ቀይራ ደግማ አዳመጠች። «ይሄኛው ድሮም አልገባም» አለች። «አንድ ሽማግሌ ግን አሉ። የባቡር ጣቢያው በር ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የያዙት ቦታ ትንሽ ነው፤ ግን ማንም ከከፈታቸው ቆይቷል።»

መክብብ አንገቱን ሲያዞር አያቸው። አባቱ ነበሩ። የምድር ባቡር ዩኒፎርማቸውን ለብሰዋል፤ ፀጉራቸው ገና ጥቁር ነው። ሰልፈኞቹ ከኋላ መግፋት ጀመሩ።

«ጨርስ እንጂ አቦ! ሠራተኛ እኮ ቆሟል!»

«ይውጡ» አለ መክብብ በለሆሳስ።

«አልሰማሁም» አለች እትዬ።

«ይውጡ።»

«ጮክ በል፤ እኔ አሮጌ ስልክ ነኝ፣ መስመሬ ይንሿሿል።»

«አባባ ይውጡ!» ብሎ ጮኸ። «ይውጡ አልኩ፣ አባባ!»

ከጫማቸው ጀመረ። ጫማቸው ጠፋ፤ ቀጥሎ ጉልበታቸው፤ ቀጥሎ ቀበቷቸው። አቶ ሸዋንግዛው ቅሬታ አላሰሙም። ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው «የት ጋ ልቁምልህ፣ ልጄ?» አሉት።

መክብብ «ተዉ!» ሊል አፉን ከፈተ። ድምፁ ተዘግቷል። እትዬን በእጁ ለመናት፣ በዓይኑ ለመናት። እትዬ ገመዷን ወደ ትከሻዋ መለሰችና «ቦታ ካመጣህ ይመለሳሉ» አለችው።

ያኔ ሁለት እጁን አፉ ውስጥ ከተተ። ስለ ባትሪ ያለውን አስተያየት ይዞ ጎተተው፤ እንደ መርከብ ገመድ ረዥም ነበር፤ እየተጠቀለለ ወለሉ ላይ ወደቀ። የአባቱ ቀበቶ ተመለሰ። ስለ ድምፅ መልእክት ያለውን አወጣ። ስለ ካሜራ ያለውን አወጣ፤ እሱ ብርሃን ነበረበትና ሰልፈኞቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ጉልበታቸው ተመለሰ። ሁለት ፍየሎች በመስኮት ዘለው ገብተው የወደቀውን ይበሉ ጀመር። አንዷ ስለ ሶፍትዌር ያለውን ቀመሰችና ተፋችው። የአባቱ ጫማ ብቻ ቀረ። የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ግን ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ እንቢ አለ። መክብብ እንባው እየፈሰሰ ጎተተ፣ ጎተተ፤ ሲጎትት ነቃ።

መብራት ሄዶ ፋኑ ቆሟል። አንሶላው በላብ ርሷል። ውባለም በሩ ላይ እጆቿን አጣምራ ቆማ ታየዋለች።

«አባባ መጥተው ነበር» አለችው።

«መቼ?»

«አንተ ተኝተህ። አትቀስቅሺው ብለው ራስጌህ ቁጭ አሉ። ነገ ጠዋት ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ይሆናሉ፤ ሐኪሙ ሰው ይዘው እንዲመጡ ነግሯቸዋል። ሊደውሉልህ ሲታገሉ ሰንብተዋል። አዲሱ ስልክ ላይ መደወያው የት እንዳለ ጠፍቷቸው፣ በእግራቸው መጡ።»

«በዚህ ፀሐይ? ታዲያ ለምን ሄዱ?»

ውባለም እጆቿን ፈታች።

«"አባባ ይውጡ" አልክ» አለች። «ጮክ ብለህ። ተነሥተው ወጡ።»

መክብብ ባዶ እግሩን ሮጠ። አስፋልቱ እግሩን ለበለበው። አባቱ ከመንገዱ መታጠፊያ የኒም ዛፍ ሥር ቆመው ባጃጅ ይጠብቃሉ። በሚመጣው መኪና ሁሉ ዓይናቸውን ያጨነቁራሉ።

«አባባ!» አለ እያለከለከ። «ሕልም እኮ ነው! ሕልም እያየሁ ነበር!»

«ሕልም መሆኑንማ አውቄያለሁ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «ነቅተህ ብትለው ኖሮ፣ ተቆጥቶ ነው ብዬ እተወው ነበር።»

ባጃጅ መጥታ ቆመች። አባቱ ብረቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ገቡና መሐሉ ላይ ተቀመጡ። ሹፌሩ «ወዴት ነን?» አለ። አቶ ሸዋንግዛው ወደ ጥግ ጠጋ አሉ። መክብብም ባዶ እግሩን ገባ።