ባላባትነቱን ማን ይዳኝ?

ደጀኔ ተቆጥቶ ጃኬቱን አንስቶ በሩ ጋ ቆመ። ተሾመ ከሶፋው ሳይነሳ፣ «ጋሼን በየሐሙሱ ሐኪም ቤት የምታደርሳቸው አንተ አይደለህ? በሰው መኪና የሚሄድ ዳኛ ለባለመኪናው ነው የሚፈርደው» አለው።

ጋሼ የሚለው እኔን ነው፤ እውነቱንም ነው። እኔም ይህንኑ ፈርቼ ነበር።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ሁለቱ የወንድማማች ልጆች ናቸው። ደጀኔ እዚህ አሜሪካ ትራክ ይነዳል፤ ተሾመ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ይሠራል። አገር ቤት አጎታቸው፣ የጎሳችን ባላባት፣ ልጅ ሳይተካ ሞተ። ወራሹ እኔ ነኝ አሉ፣ ሁለቱም። ባላባትነቱ ደመወዝ የለው፤ መሬቱም ድሮ ሄዷል። የቀረው የተጣላ ማስታረቅ ነው። እሱ ግን ቀላል አይምሰላችሁ። አሁን እንኳ በወንዝ ውኃ የተጣሉ ሁለት መንደሮች አሉ። በስልክም ቢሆን ባላባት ይስማን ብለው እየጠበቁ ነው።

ታዲያ ማን ይፍረድ? የወረዳው ፍርድ ቤት የባህል ጉዳይ ነው፣ ሽማግሌ ይየው አለ። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ፊታቸውን ሳናይ አንፈርድም፣ እዚያው አሜሪካ ይዳኙ አሉ። ደጀኔ እዚህ ኮሎምበስ ጠበቃ ጠየቀ። ጠበቃው የምትካሰሱበት ንብረት ምንድን ነው አለው። ደጀኔ ሲያስብ ቆይቶ፣ ባላባቱ ለማስታረቅ የሚቀመጥበት አንድ በርጩማና ጥላ የሚሆነው አንድ ዛፍ አለው። ጠበቃው ሳቀ፤ ለምክሩም አላስከፈለው። ደግ ሰው ነው፣ እግዜር ይስጠው።

እንዲህ ሲንከባለል እኔ ዘንድ ደረሰ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ብዙም አላወራም። ግን ከጎሳችን እዚህ ከተማ ያለሁት ሽማግሌ እኔው ብቻ ነኝ። ፍራንክሊንተን ሰፈር፣ የልጄ ቤት ሶፋ ችሎት ሆነ። በዚህ ዕድሜ፣ በሰው አገር፣ ፍረድልን የሚል ማግኘት ትንሽ ነገር ነው?

ሌላ ዳኛ ስለሌለ ተሾመም እሺ አለ፤ ደጀኔም ተመልሶ ተቀመጠ። አንዱ የታላቅየው ልጅ ነኝ፣ ሌላው በዕድሜ እበልጣለሁ ሲባባሉ ዋሉ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። የአጎታችሁን ለቅሶ ማን ተቀመጠ?

በእኛ ልማድ ለቅሶ የተቀመጠ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ተሾመ ከሥራው ኦፍ ወስዶ፣ ቤቱን ከፍቶ ለቀስተኛ ተቀብሏል። ደጀኔ ሎድ ይዞ፣ የሰው ጭነት ሊያደርስ፣ መንገድ ላይ ነበር። ምን ያድርግ? እንጀራው ነው። ልማዳችን ግን ስለ ሎድ የሚለው የለም። ለባለመኪናው አዳላ እንዳልባል ብዬ ደጀኔን እንዳልበድለው ደጋግሜ አሰብኩ። ፍርዱ ግን ያው ሆነ።

«ተሾመ ነው» አልኩ።

ደጀኔ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ።

ልጄ፣ «አባዬ፣ እንግዲህ ሐሙስ ማን ሊወስድህ ነው? እኔ ሥራ ነኝ» አለች። የሾምኩት ይወስደኛላ አልኳት። ደወለች። ባላባቱ ስልኩ ተይዟል። በማግስቱም ተይዟል። መንደሮቹን እያስታረቀ ነው። ያስታርቅ፤ ለዚህ አይደል የተሾመው?

ሐሙስ ጠዋት ካፖርቴን ለብሼ በመስኮት ሳይ፣ የደጀኔ መኪና ደጅ ቆማለች። ሐሙስ የእረፍት ቀኑ ናት፤ ያቺው አንዲቷ። ወጣሁ። እሱ በረዶውን ከመስታወቱ ጠርጎ ጨረሰና በሩን ከፈተልኝ።

«ቶሎ ይግቡ ጋሼ፣ ብርድ ነው። የተፈረደው በእኔ ላይ እንጂ በመኪናው ላይ አይደለም።»